ሕፃናቱን ከፈተና አውጡልን
ለግል መዋዕለ ሕፃናት ባለቤቶችና ርእሳነ መምህራን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ይህን የምጽፈው በነርሰሪና በኬጂ ክፍሎቻችሁ ያለውን የጽሑፍ ፈተና፣ የደረጃ ካርድና የየዕለቱን የቤት ሥራ እንድታስቀሩ ለመለመን ነው።

የአራት ዓመት ሕፃን ማታ እንቅልፍ እያዳፋው አንዲቷን «ኤ» ገጽ ሙሉ ሲገለብጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ሲጫነው ወረቀቱ ይቀደዳል። እናቱ በላጲስ ታጠፋና «እንደገና!» ትለዋለች፤ ጠዋት ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ መፈረም አለባትና። በዚያ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንቶች ገና ተሠርተው አላለቁም። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ አካሉ አልደረሰም።

አያቶቻችን ልጅ የሚቃናው በተግሣጽ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ከቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ አይጠፋም ነበር። ያም ሆኖ ሕፃኑ ከእኩዮቹ ጋር ፊደሉን በስንጥር እየነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል እንጂ ብዕር አይጨብጥም፤ ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በዚህ እኛ ከእነሱ ብሰናል።

የመዋዕለ ሕፃናት አባት የሚባለው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ ላይ ሥራውን ሲጀምር፣ ጨዋታ ራሱ የሕፃን ትምህርት ነው ብሎ ነው። ለሕፃናቱ የሰጣቸውም ኳስ፣ የእንጨት ኩብ፣ መዝሙርና የአትክልት መደብ ነበር። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም ድሃ ሰፈር የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት ልጁ ሥራውን መርጦ በራሱ ፍጥነት እንዲሠራ ፈቀደች። አንዳንዶቻችሁ ስሟን በራችሁ ላይ ጽፋችኋል፤ እባካችሁ ሥራዋንም ወደ ክፍል አስገቡት። አገራችንም በ1991 እ.ኤ.አ. በተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 መሠረት ጨዋታና ዕረፍት የሕፃን መብት ናቸው።

«ወላጅ ነው የሚጠይቀን» ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ልጁ ቶሎ እንግሊዝኛ ካልጻፈ ሌላ ትምህርት ቤት የሚያስገባ ወላጅ አለ። ፈተናውን ብቻውን ያቆመ ትምህርት ቤት ተማሪ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ በየክፍለ ከተማችሁ ተመካከሩና በአንድነት ወስኑ። የተከራያችሁት ግቢ መጥበቡም ይገባኛል፤ ግን አሸዋ፣ ውኃ፣ የጠርሙስ ክዳንና ተረት ሰፊ ቦታ አይፈልጉም።

ለመጪው መስከረም ምዝገባ ስትጀምሩ፣ ለወላጅ በምትሰጡት መመሪያ ላይ ከአንደኛ ክፍል በታች ፈተናም ደረጃም እንደሌለ ጻፉ።