ካርታችንን ራሳችን እንሥራ



ባለፈው እሁድ እዚህ ቤይሩት ስንሰበሰብ አንድ ነገር ጠይቄ ነበር፦ «ዛሬ ማታ አንዳችን ብንታመም፣ ወረቀት ሳይጠይቅ የሚያክመን ቅርብ ክሊኒክ የቱ ነው?» አንዷ ዶራ አለች። ሌላዋ «ኧረ ቡርጅ ሐሙድ ነው፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ» አለች። ሦስተኛዋ ቦታውን ታውቃለች፣ የሚከፈትበትን ቀን ግን አታውቅም። ሁላችንም ቁራሽ ቁራሽ እናውቃለን፤ አንድ ላይ የሰበሰበው ግን የለም።

«ሎኬሽን ላኪልኝ» መባባል ከጀመርን ቆየን። ይኸው የስልካችን ካርታ ሥራ ለማቀድም ይሆናል። ናይሮቢ ውስጥ ኪቤራ የሚባል የድሆች ሰፈር አለ። ብዙ ሕዝብ ይኖርበታል፣ በካርታ ላይ ግን ባዶ ቦታ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የሰፈሩ ወጣቶች ጂፒኤስ ይዘው በየጉራንጉሩ ዞሩ። ክሊኒኩን፣ የውኃ ቦታውን፣ መጸዳጃ ቤቱን መዝግበው ማንም በነፃ በሚያየው ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አወጡት።

እኛም እንችላለን። ክሊኒኩን፣ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠውን ቢሮ ምልክት እናድርግ። ከጎኑ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ አማርኛ የሚችል ሰው መኖሩን እንጻፍ። በየሰፈሩ ስንት እንደሆንንም በቁጥር ብቻ እንያዝ። ያኔ የዓረብኛ ትምህርታችን የት ይሁን ብለን በግምት አንወስንም። ሁለት ሰርቪስ ቀይረው የሚመጡት ከበዙ፣ ትምህርቱ ወደ እነሱ ይሂድ።

ግን አደራ! ካርታ ለወዳጅም ለጠላትም መንገድ ያሳያል። የማንም ቤት፣ ስም፣ ስልክ አይገባበትም። ከማዳም ቤት አምልጣ የወጣች እህት የተጠለለችበት ቦታ ፈጽሞ አይጻፍም።

ሌላም አለ። ነጥብ የሌለበት ሰፈር እህት የሌለበት ሰፈር አይደለም። እኔ ራሴ መጀመሪያ በገባሁበት ቤት በር ተቆልፎብኝ፣ ስልኬን ተቀምቼ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ያኔ እንዲህ ያለ ካርታ ቢሠራ እኔ አልቆጠርም ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ «እዚያ ሰው የለም» አንበል። በረንዳ ስታጥብ፣ ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ የምናያትም እህታችን ናት። ሰፈሯን እናስብ፤ መጀመሪያ ልንደርስላት የሚገባን እሷ ልትሆን ትችላለች።

በሚቀጥለው እሁድ እያንዳንዳችሁ የምታውቁትን አንድ ቦታ፣ ቀኑንና ሰዓቱን አጣርታችሁ ኑ። ስማርት ስልክ የሌላት በወረቀት ጽፋ ትምጣ። መጻፍ የማትችል ደግሞ ትንገረን፣ እኛ እንጽፍላታለን።