የቦሎቄ ዘር እንዴት ይመረመራል?

የቤቱ እመቤትና የማሳው ባለቤት በየዓመቱ ሰኔ ሲደርስ የሚመካከሩበት አንድ ታላቅ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ዘንድሮ የትኛውን ዘር እንዝራ የሚለው ነው። ዝናብ በበቃበት አገር በምርጫው ስሕተት ቢገኝ የሚጐድለው ትርፍ ነው። ዝናብ በሚያጥርበት በስምጥ ሸለቆ አገር ግን የልጆች ምግብና የከርሞ ዘር ይጐድላል።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሳገለግል የሁለት ወንድማማቾችን ክርክር ጽፌአለሁ። ታላቁ ደለል ባለበት በወንዙ ዳር ነጭ ቦሎቄ ዘራ፤ ታናሹ በተዳፋቱ ጭንጫ ላይ ቀዩን ዘራ። በመከር ጊዜ የታላቁ ምርት በለጠ። ታናሹም ዘሩን ንቆ፥ ቀዩን ሁሉ ሸጦ፥ ነጩን ከወንድሙ ተበደረ። በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ በአበባው ወራት ቢቋረጥ ከዚያ ጭንጫ የተበደረውን ያህል እንኳ አላገኘም፤ ወንድምም ወንድሙን ከሰሰ። ሽማግሌዎች ለማስታረቅ በተቀመጡ ጊዜ አንድ አዛውንት «ለመሆኑ ሁለቱ ዘሮች በአንድ መሬት ላይ አብረው ቆመው ያውቃሉን?» ብለው ጠየቁ። የሚመልስ አልተገኘም። የበለጠው ዘሩ ይሁን መሬቱ ሳይታወቅ ፍርድ ተሰጥቶ ኖሯል።

እንግዲህ ዘርን እንደ ባለ ጉዳይ በእኩል ማስቆም ይገባል። 5 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው መደብ ለካ። በመሥመርና በመሥመር መካከል 40፥ በፍሬና በፍሬ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ብትተው 5 መሥመርና 250 ያህል ተክል ይሆናል። ሦስት ዓይነት ዘር ቢኖርህ ለእያንዳንዱ ሦስት መደብ ስጥ፤ አንዱን በላይ፥ አንዱን በመካከል፥ አንዱን በታች፤ መሬት በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ይለያያልና። ሁሉንም በአንድ ቀን ዝራ፥ በአንድ ቀን አርም። ፍሬውን እኩል አድርቀህ መዝን። የመደቡ ስፋት 10 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፥ 1 ኪሎ የሰጠ መደብ በሄክታር 10 ኩንታል እንደ መስጠት ይቈጠራል። የአንድ መደብ ቃል እንደ አንድ ምስክር ነው፤ ሦስቱ ሲስማሙ ግን ይታመናል። አንድ መልካም ክረምትም አይበቃም፤ ዝናብ ያጠረበት ዓመት እስኪታይ ድረስ የቀድሞውን ዘር ከጐተራ አታውጣ።

ለመፈተኛ የሚሆኑ ዘሮች አሉ። በአዳማ አጠገብ የሚገኘው የመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል ለዝናብ አጠር አገር የሚሆን ቦሎቄ ሲመርጥ ብዙ ዘመን ቈይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1990 ዓመተ ምሕረት «አዋሽ 1» የተባለው ነጭ፥ በ2003 ደግሞ «ናስር» የተባለው ቀይ ዘር ለገበሬ ተሰጥተዋል። ነጩ ወደ ውጭ አገር ስለሚላክ በገበያ ይፈለጋል፤ ቀዩ ይልቁንም ለቤት ምግብ ይወደዳል። ቦሎቄ በአበባው ጊዜ ውሃ ቢያጣ እጅግ ይጐዳል፤ ስለዚህ ዝናቡ ቶሎ በሚያበቃበት አገር ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ከድርቅ ያመልጣል። በመሥመሮቹ መካከል ቦይ አውጥቶ ቦዩን በየጥቂት እርምጃው በአፈር መግታትም የወረደውን ዝናብ በማሳው ያስቀራል።

የእመቤቲቱም ፍርድ ሊዘነጋ አይገባም። በሚዛን የበለጠው ዘር በማጀት ማገዶ የሚፈጅ፥ ወይም በነቀዝ የሚጠፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከየዘሩ አንዳንድ ጣሳ ለእርስዋ ይሰጥና በእኩል እሳት ተቀቅሎ ይታይ። ቀይ ቦሎቄ በጥሬነቱ ሆድን የሚያውክ መርዝ አለበት፤ ሌሊት ይዘፍዘፍ፥ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፥ ከዚያም በኃይል ተንተክትኮ ፈጽሞ እስኪለሰልስ ይቀቀል።

የወንድማማቾቹ ነገር በእርቅ አለቀ፤ ታላቁ የብድሩን እኩሌታ ማረ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ በአንድ ማሳ ላይ ነጩንና ቀዩን ጐን ለጐን ዘሩ። ከክርክሩ አስቀድሞ ይህን አድርገው ቢሆን ኖሮ ለዳኝነት የከፈሉት ገንዘብ ለልጆቻቸው ልብስ በሆነ ነበር።