«ለሠራተኛው ቅድሚያ እንሰጣለን» ሲባል ማንን ነው?

ነገሩ የሆነው በ2013 ዓ.ም. ከስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በፊት በነበረው የቅስቀሳ ሰሞን ነው። ሞንታርቦ የተጫነባት ፒካፕ የደባርቅን ዋና መንገድ ይዛ ቀስ እያለች ትሄዳለች። አባቴ ከቀን ሥራ ተመልሶ፣ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እግሩን እየታጠበ ነበር። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰው «ከተመረጥን ሠርቶ ለሚያድረው ቤተሰብ ቅድሚያ እንሰጣለን፤ የሠራተኛው ኑሮ ይሻሻላል» እያለ ይጮሃል። አባቴ ቀና ብሎ «ምን አለ?» አለኝ። የሰማሁትን ደገምኩለት። «እሱማ ለሠራተኞች ነው፤ ለእኛ ምን አለ?» አለና መታጠቡን ቀጠለ።

ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩና ሳቅኩኝ። ዛሬ ግን ጥያቄው አያስቀኝም። ሲነጋ ወጥቶ እስኪመሽ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ሰው ራሱን «ሠራተኛ» ብሎ አይጠራም። በእኛ አገር አነጋገር ሠራተኛ ማለት ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚቀበል የቢሮ ሰው ነው። «ሠርቶ አደር» የሚለው ቃልም ቢሆን የኢሠፓ ጋዜጣ ስም ሆኖ ከደርግ ጋር አብሮ የሄደ ቃል ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪው በቅን ልቦና ተናግረውትም ቢሆን ንግግሩ አባቴን አልፎት ሄደ። በዚህ ጽሑፍ ማንሳት የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ለክልል ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው «ሠርቶ ለሚያድር ቤተሰብ» ብሎ ቃል ሲገባ፣ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሁለት ነገር ልንጠይቀው ይገባል ባይ ነኝ። ቤተሰቡ ማን ነው? ቃል የተገባውስ ነገር በእርግጥ በክልል ምክር ቤት እጅ ያለ ነው ወይ?

ማን እንደሆነ ከራሴ ልጀምር። የተወለድኩት ጊች ነው። ጊች በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የነበረች ቀበሌ ናት። ገብስ እንዘራለን፣ በግ እናረባለን፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራ ተነስቶ ወደ ደባርቅ ሲወርድ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጊች እያለን ሥራ የለውም የሚባል ሰው አላውቅም። ሽማግሌውም ሕፃኑም ሥራ ነበረው፤ እኔ ራሴ ገና ፊደል ሳልለይ የበግ እረኛ ነበርኩ። ደባርቅ ስንገባ ግን አባቴ በአንድ ሌሊት ሥራ ፈላጊ ሆነ። የሚያውቀው ሥራ ሁሉ ላይ ተራራው ላይ ቀረ። እናቴ የመጀመሪያውን ገብስ ከገበያ ገዝታ የመጣች ቀን ከረጢቱን ሳትፈታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ትዝ ይለኛል። ገብስ ይገዛል እንዴ?

ሰው ሲሰማኝ «ተመልሳችሁ መሄድ ትፈልጋላችሁ ማለት ነው?» ይለኛል። አይደለም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከለለ፣ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የእርሻውና የግጦሹ መስፋፋት ነበር። ጊች ከተነሳ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ዋሊያ ከእኛ በግ ጋር ሣር መሻማት እንደሌለበት ይገባኛል። በደርግ ዘመን ከፓርኩ በኃይል የተነሱ መንደሮች እንደነበሩም ታሪኩን የሚያውቅ ያውቃል፤ የእኛ እንደዚያ አልነበረም፤ ውይይት ነበረው፣ ካሳም ነበረው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ካሳው ከተከፈለ በኋላ ያለው ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር ማንሳት ግድ ይላል። በዚያ ጊዜ ይሠራ የነበረው የካሳ ሕግ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ነው። መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው የሚሰላው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነው። በሌላ አነጋገር ሕጉ ለአንድ ቤተሰብ የአሥር ዓመት እንጀራ ቆጥሮ ይሰጣል ማለት ነው፤ ያውም ገንዘቡ ሳይረክስ፣ ቤት ሳይሠራበት፣ ልጅ ሳይዳርበት። እስቲ አስሉት። 2008 ላይ አሥር ሲደመር 2018 ነው። በሕጉ በራሱ ሂሳብ እንኳ አሥሩ ዓመት አለቀ! በእኛ ቤት ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው ያለቀው። ብዙ ብር በአንድ ጊዜ በእጅ ሲገባ የማያልቅ ይመስላል፤ አባቴ ከዚያ በፊት በባንክ ደጅ አልፎ አያውቅም ነበር። ግማሹ ቤት ሆነ፣ ግማሹ ደግሞ ቀለብ ሆኖ ተበላ። ጥፋቱን በማንም ላይ አልለጥፍም። ነገር ግን ገበሬን ነጋዴ ለማድረግ ብር ብቻ እንደማይበቃ ለማወቅ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም።

ወደ ተወዳዳሪው እንመለስ። ክልል ምክር ቤት ምን ማድረግ ይችላል? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት የሠራተኛ ጉዳይ ሕግ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ስለዚህ «የቀን ሠራተኛውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንወስናለን» የሚል የክልል ተወዳዳሪ የሌለውን እየሸጠ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ ያ የባሕር ዳር ሥራ አይደለም። ፓርኩን የሚያስተዳድረውም የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። «ቱሪስት እናመጣለን» የሚለውንማ ተዉት። ቱሪስት የሚመጣው ሰላም ሲኖር ነው፣ አንዳንዴም ሰላም ኖሮ አይመጣም፤ በ2012 በኮሮና እንዳየነው።

መሬት ግን የክልል ነው። አንቀጽ 52 ክልሎች በፌዴራል ሕግ መሠረት መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን እንደሚያስተዳድሩ ይደነግጋል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካ ሰው በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ ቦታ መዘዋወርን ጨምሮ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የድሮውን የካሳ ሕግ ሲተካ ስሌቱን ከአሥር ወደ አሥራ አምስት ከፍ አደረገው፣ መነሻውንም አማካይ መሆኑ ቀርቶ በሦስት ዓመት ውስጥ የተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ አደረገው። ከዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ሌላው ነው። አዋጁ ክልሎች ተነሺዎችን መልሶ የሚያቋቁም ፈንድና የማቋቋሚያ ማዕቀፍ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጣለባቸው። በ2016 የወጣው ማሻሻያም የካሳውን ኃላፊነት በአብዛኛው ወደ ክልልና ከተማ አስተዳደር አዞረው።

የጊች ሰው እንግዲህ ሕጉ ከመስተካከሉ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው የተነሳው። አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ይባላል፣ ልክ ነው። ግን ክልል ምክር ቤት በጀት የሚያጸድቅ አካል ነው። ከአዋጁ በፊት ለተነሱ ሰዎች የማቋቋሚያ ፕሮግራም ቢያወጣ የሚከለክለው ሕግ እኔ አላገኘሁም። እንደ እኔ እምነት በደባርቅ የሚወዳደር ሰው የመጀመሪያ አጀንዳው ይህ ሊሆን ይገባል፦ የተነሳው ቤተሰብ በምን እየኖረ እንደሆነ ቤት ለቤት ቆጥሮ ማወቅና ከካሳው በኋላ የሚቀጥል ገቢ እንዲኖረው ማድረግ። ከዚያም የከተማ መሬት፣ የበግ ማድለቢያ፣ የሙያ ሥልጠና፣ የትኛው ለማን እንደሚሆን ከቆጠራው በኋላ ይታያል።

ሁለተኛውን ሳነሳ እናቴን ነው የማስበው። አባቴ የቀን ሥራ ሲጠፋ እሷ ልብስ ማጠብ ጀመረች። ያኔ ታናሽ ወንድሜ ገና ይድሃል። እሱን የሚይዘው ሰው ስለሌለ ከእኔ የምታንሰው እህቴ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀር ነበር። እኔ አልቀረሁም፤ ወንድ ስለሆንኩ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። ዛሬ እኔ ኮሌጅ ሆኜ ይህን እጽፋለሁ፣ እሷ ስምንተኛ ክፍልን ደግማለች። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ ለሴት ሠራተኞች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። በጣም ጥሩ። ልብስ አጣቢዋስ? ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋስ? በየቀበሌው አንድ ክፍል ቤትና ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት እናቶች ቢገኙ ስንት ልጅ ትምህርቱን ባላቋረጠ! ይህ ከክልልና ከወረዳ በጀት አቅም በላይ ነው የሚለኝ ካለ ልከራከር ዝግጁ ነኝ። በቅስቀሳ ንግግር ውስጥ ግን እስካሁን ሰምቼው አላውቅም። ምናልባት ቅስቀሳውን የሚጽፉት ወንዶች ስለሆኑ ይሆናል።

የበቅሎ ጫኞቹን፣ የስካውቶቹንና የምግብ አብሳዮቹን ጉዳይ ሳልነካ ባልፍ የደባርቅ ልጆች ይታዘቡኛል። እነዚህ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ተራ ጠብቀው ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ ኮሮና መጣ፣ ቀጥሎ በ2013 ጦርነቱ እስከ ዳባት ደርሶ ጭና ላይ የደረሰውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሳ። ተራው ቆመ። በቅሎ ግን ቱሪስት ቀረ ብላ ገብስ መብላቷን አትተውም። በቅሎውን ሸጦ የበላ ሰው ሰላም ሲመጣ በምን ይሠራል? እዚህ ላይ ክልሉ ሊያደርግ የሚችለው የብድር እፎይታና ሥራ በሌለበት ወቅት የመንገድና የእርከን ሥራ መስጠት ነው።

ይህን ሐሳብ ለክፍል ጓደኞቼ ሳነሳ አንዱ «ሰላም ሳይኖር ስለ ሕፃናት ማቆያ ታወራለህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ግማሹን እቀበለዋለሁ። መንገድ ሲዘጋ አባቴም ሥራ አይወጣም። ነገር ግን «መጀመሪያ ሰላም» የሚለው ቃል ተወዳዳሪውን ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ነፃ የሚያወጣ ከሆነ አልስማማም። ሰላም የሚያመጣ ሰው በጀት ማጽደቁም አይቀርም፤ ያን ቀን የማን ስም በጀቱ ላይ እንደሚሰፍር አሁን መጠየቅ አለበት።

ደግሞ ራሳችንንም እንውቀስ። በክፍል ውስጥ የቅስቀሳ ዜና ጻፉ ስንባል የምናመጣው «ገለጹ»፣ «አስታወቁ»፣ «አሳሰቡ» ነው። «በየትኛው ሥልጣን? በየትኛው በጀት?» ብሎ የጠየቀ ዜና አላነበብኩም፤ እኔም ራሴ አልጻፍኩም። በሚቀጥለው ጊዜ ተወዳዳሪ ደባርቅ ሲመጣ የምጠይቀውን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፦ የ418ቱ አባወራ ዝርዝር የት ነው? ዛሬስ በምን ይተዳደራሉ? ዝርዝሩን ካገኘሁ መጀመሪያ የምፈልገው የአባቴን ስም ነው። ከስሙ ጎን «ሥራ» በሚለው ዓምድ ሥር ምን ብለው እንደጻፉለት ማየት እፈልጋለሁ።