ድፍረት ወይስ ስሌት?

ሥራ ፈጣሪን በደሙ ቁማርተኛ አድርጎ የሚያየው አስተሳሰብ ሊታረም ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 የሶማሊያ መንግሥት ሲፈርስ ወደ ናይሮቢ የተሰደዱ ሰዎች፣ በኢስሊ ሰፈር ጋሪሳ ሎጅ በተባለው ማረፊያ ቤት፣ ሌሊት የሚተኙበትን ክፍል ቀን ሱቅ አደረጉት። ቁማርተኛ እንዲህ አያሰላም፤ ለመኝታ የተከፈለው ኪራይ ሱቁንም ስለሚሸፍን፣ ንግዱ ባይቀና የሚጠፋው ሸቀጡ ብቻ ነው። ምሁሯ ሳራስ ሳራስቫቲ በ2001 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስረዱትም ይህንኑ ነው፤ ልምድ ያለው ሥራ ፈጣሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህል አተርፋለሁ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ያህል ኪሳራ እችላለሁ?» ብሎ ነው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ቢከስር ቤተሰቡ ጦሙን የሚያድርበትን ወጣት «ፈሪ» ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። እርሱ የጎደለው ወድቆ የሚነሣበት አቅም እንጂ ልብ አይደለም።