በአምናው የሚመዘን ደም

በአጥንት መቅኔ ውስጥ የሚገኙትና ፕላዝማ ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ሥራቸው በሽታ ተከላካይ ፕሮቲኖችን ማምረት ሲሆን፣ ከመካከላቸው የአንዷ ዘር ብቻ በዝቶ አንድ ዓይነት ፕሮቲን ወደ ደም መልቀቅ ሲጀምር የሚፈጠረው ሁኔታ ኤም.ጂ.ዩ.ኤስ. ይባላል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጡት የማዮ ክሊኒኩ ሐኪም ሮበርት ካይል ናቸው፤ በግርድፉ «ፋይዳው ያልተለየ» ማለት በመሆኑም ሐኪሞች አለማወቃቸውን በስም ላይ የጻፉበት ምሳሌ ነው። ሁኔታው ካንሰር ባይሆንም መልቲፕል ማዬሎማ ወደሚባለው የመቅኔ ካንሰርና ወደ መሰሎቹ የመሸጋገር ዕድሉ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ነው፤ በጥቁሮች ዘንድ ከነጮች በእጥፍ ገደማ እንደሚበዛም በአሜሪካና በጋና የተደረጉ ጥናቶች አመልክተዋል።

ለሁኔታው በአብዛኛው መድኃኒት አይታዘዝም፤ የሚታዘዘው ቀጠሮ ነው። ኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ማለትም የደም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል የሚለየው ምርመራ፣ ከሄሞግሎቢን፣ ከካልሲየምና ከኩላሊት ምርመራ ጋር መጀመሪያ ከ6 ወር በኋላ፣ ከዚያም እንደ ሐኪሙ ግምት በየዓመቱ ይደገማል፤ የዘንድሮው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘውም ከአምናው ጋር ሲተያይ ነው።

በምዕራብ ዓባያ ወረዳ ግን ወደ ካንሰር መሸጋገሩን ከሚጠቁሙት ምልክቶች ሁለቱ፣ ደም ማነስና የጀርባ አጥንት ሕመም፣ ቀድሞውኑ ሌላ ባለቤት አላቸው። በዓባያ ሐይቅ ዳር ባለው ቆላ የገረጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው በወባ ነው፤ በብርብር ከተማ ዙሪያ የሙዝ ዘለላ በትከሻው እያመላለሰ አይሱዙ ላይ ሲጭን የዋለም ወገቡን ቢያመው የሚያማርረው ሸክሙን ነው። ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው፤ ስህተቱ የሚጀምረው ወባው ታክሞ ሄሞግሎቢኑ ሳይመለስ ሲቀርና የወገብ ሕመሙ ሌሊት እያነቃ ወራት ሲያስቆጥር ነገሩ በዚያው ሲተው ነው። ለወገብ የሚዋጠው ዳይክሎፌናክም ሕመሙን ቢያስታግስም በማዬሎማ የሚጠቃውን ኩላሊት ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

ኤሌክትሮፎሬሲስ በየጤና ጣቢያው የሚሠራ ምርመራ ስላልሆነ ውጤቱ የሚገኘው በድካምና በወጪ ነው፤ ከተገኘ በኋላ ግን ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ሲያልቅ የአምናው ቁጥር አብሮት ይጠፋል። ስለዚህ ይህ ሁኔታ የተገኘበት የወረዳው ነዋሪ ለወባም ሆነ ለወገብ ሕመም ጤና ጣቢያ ሲሄድ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ባለሙያውም ሳያነበው አይመልስለት።