ስለ «ክዋይዳን» ፊልም፤ ምስጋናና ወቀሳ

የመናፍስት ፊልም ሲባል ብዙው ተመልካች የሚጠብቀው ጩኸት፥ ደምና ድንገተኛ ድንጋጤ ነው። ጃፓናዊው ማሳኪ ኮባያሺ በ1964 እ.ኤ.አ. የሠራው «ክዋይዳን» ግን ይህን ለሚሻ ሰው ብዙም አይሰጥም። ስለዚህም «ሦስት ሰዓት ሙሉ ይጐተታል፤ ደግሞም አያስፈራም» እየተባለ ይነቀፋል። ከነቀፌታው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው እላለሁ።

ፊልሙ ላፍካዲዮ ኸርን ከጃፓን የጥንት ተረቶች እየሰበሰበ ከጻፋቸው ታሪኮች አራቱን ይዟል። በመጀመሪያው፥ ድህነት ያስመረረው አንድ ሳሙራይ ታማኝ ሚስቱን ጥሎ ለሹመት ሲል የባለጸጋ ልጅ ያገባል። ከዓመታት በኋላ ተጸጽቶ ሲመለስ ሚስቱን እንደ ድሮዋ በፈትሏ ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ሲነጋ ግን አጠገቡ ተኝቶ የሚያየው ዐፅምና ረዥም ጥቁር ጠጕር ነው። እዚህ ላይ የሚያስፈራው ዐፅሙ አይደለም፤ ጸጸት ከዘገየ ዋጋ ቢስ መሆኑ ነው እንጂ።

ድምፁም ሊመሰገን ይገባዋል። የሙዚቃው ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚወጣውን ድምፅ እንደ ሙዚቃ ተጠቅሞበታል። የእግር ኮቴ ሊሰማ በሚገባው ቦታ ዝምታን ያደርጋል፤ ዝምታውም ከጩኸት ይልቅ ያስጨንቃል። ፊልሙ በ1965 እ.ኤ.አ. በካን የዳኞችን ልዩ ሽልማት ማግኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ወቀሳዬ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ውበቱ ፍርሃቱን ይውጠዋል። በዕውሩ ዘማሪ በሆይቺ ታሪክ ውስጥ የ1185 የዳን ኖ ኡራ የባሕር ጦርነት እጅግ ተራዝሞ ይታያል። ቅዱሱ ቃል በገላው ሁሉ ተጽፎ ጆሮዎቹ ብቻ የተረሱበት አስደናቂ ክፍል የሚመጣው ተመልካች ከደከመ በኋላ ነው። ሁለተኛ፥ በሻይ ስኒ ውስጥ ስለሚታየው ፊት የሚናገረው የመጨረሻው ታሪክ፥ ሆን ተብሎ ሳይፈጸም የቀረ ቢሆንም፥ ከሆይቺ በኋላ ቀሎ ይታያል። ሦስተኛውና ከባዱ ግን ይህ ነው፤ የተጣለችውን ሚስት የምናያት በባሏ ትዝታ በኩል ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ኖረች? ማን ቀበራት? ፊልሙ አይጠይቅም። ሴቲቱ ወይ ትጠብቃለች፥ ወይ ትቀጣለች፤ ለራሷ ግን አትናገርም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ፊልሙ መታየት አለበት፤ በተለይም በእኛ። ከእኛ መካከል ነገ ወንበር ፍለጋ ሲሄድ ያኖረውን ቤት ዞሮ የማያይ አይጠፋምና። ስለዚህ ፊልም የሚያሳዩ ጓደኞቻችን «ክዋይዳን»ን ያሳዩን ዘንድ እጠይቃለሁ፤ ነገር ግን ሙሉውን። ቀድሞ በአሜሪካ ሲታይ ለማሳጠር ተብሎ የበረዶዋ ሴት ታሪክ ተቈርጦ ነበርና፥ ያ ስሕተት በእኛ አዳራሽ አይደገም። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ይከራከረኝ።