ይሉኝታ ቀበቶ አይሆንም



ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው፤ ግን ስለ ሞዴልም ስለ ዋጋም አይደለም። መኪና ውስጥ አብረን ስንቀመጥ ስለምንውጠው ነገር ነው። አምስት ሰው በሚይዝ መኪና ሰባት ሆነን ስንጫን፣ ሕፃን ታቅፋ ኋላ የተቀመጠች አክስታችን ቀበቶ ሳታስር መኪናው ሲነሳ፣ ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው «ኑ ላድርሳችሁ» ሲለን፣ አደጋው ለአብዛኞቻችን አይጠፋንም። ዝም የምንለው ይሉኝታ ይዞን ነው። በኔ እምነት መኪናችን ውስጥ ከሁሉ የሚያሰጋን ይሄ ይሉኝታ ነው፤ መስበር ያለብንም እኛ፣ ኋላ ወንበር ላይ የምንቀመጠው ወጣቶች ነን።

የነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው ሆስፒታል ሲደርስ ቶሎ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች መካከል «ቀበቶ አስሮ ነበር? የት ነበር የተቀመጠው? ኤርባጉ ተከፍቷል?» የሚሉት ይገኙበታል። የሚጠየቀው ጥፋተኛ ለመፈለግ አይደለም። መልሱ ጉዳቱን ሰውነቱ ውስጥ የት የት መፈለግ እንዳለብን ይጠቁመናል። ሆዱ ላይ የቀበቶ ሰንበር ካለ አንጀቱን እንጠረጥራለን። ቀበቶ ካላሰረ ግን መኪናው ውስጥ ከምን ከምን ጋር እንደተላተመ ስለማይታወቅ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ያሳስበናል።

ክፍል ውስጥ እንደተማርነው አንድ የመኪና ግጭት በውስጡ ሦስት ግጭት አለው። መጀመሪያ መኪናው ከግንብ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ይጋጫል። ቀጥሎ፣ መኪናው ቢቆምም ሰውየው በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ስለሚቀጥል ከመሪው፣ ከመስተዋቱ ወይም ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ጋር ይጋጫል። በመጨረሻ ሰውነቱ ሲቆም አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፤ ልቡና ጉበቱም ደረቱና ሆዱ ውስጥ ይናወጣሉ። ቀበቶ ሁለተኛውን ግጭት ያስቀራል ወይም ያለዝባል፤ ሦስተኛውንም ያቀልላል። ዛሬ የምናውቀውን በትከሻና በወገብ የሚያልፍ ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ለቮልቮ መኪና የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ የቤት መኪና ጋቢና ላይ የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካሰረ የመሞት አደጋው በ45 በመቶ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ የሁላችንንም አክስት ድምፅ እሰማለሁ፦ «እኔ እኮ ኋላ ነኝ!»

ኋላ መቀመጥ ከፊዚክስ ሕግ አያስመልጥም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ጋር የምንሄድበት ፍጥነት፣ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። ይህ ሦስተኛ ፎቅ አካባቢ ነው። ማናችንም አክስታችንን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ጠርዝ ላይ አስቀምጠን «ምንም አይልም» አንልም። በዚያ ላይ ኋላ ያለው ያልታሰረ ሰው ወደ ፊት ሲወረወር የሚያርፈው ጋቢና ባለው ሰው ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ «የራሴ ጉዳይ ነው» ማለት አይቻልም፤ ፊት ያለው ሰው ቀበቶውን አጥብቆ ቢያስር እንኳ ከኋላ በሚመጣው ሊጎዳ ይችላል።

የሕፃኑ ነገር ከሁሉ ይብሳል። 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ይዛችሁ በዚሁ ፍጥነት ስትሄዱ መኪናው በሴኮንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ልጁን ይዞ ለማስቀረት የሚያስፈልገው ጉልበት 140 ኪሎ ከማንሳት ጋር ይተካከላል። የእናት ፍቅር ወሰን የለውም፤ ክንዷ ግን ወሰን አለው። እናት ራሷም ካልታሰረች ልጁ በእሷና በፊት ወንበር መካከል ይጨፈለቃል። ስለዚህ ልጅ ቦታው የልጅ መቀመጫ ነው፤ ጨቅላ ሲሆን ደግሞ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ። ብርድ ነው ብለን በጋቢ ወይም በወፍራም ጃኬት ጠቅልለን ማሰርም አይበጅም፤ በግጭት ጊዜ ጨርቁ ሲጨመቅ ማሰሪያው ይላላል። መጀመሪያ ልጁን አጥብቆ ማሰር፣ ከዚያ ጋቢውን ከላይ ማልበስ። ነፍሰ ጡርም ታስራለች፦ የታችኛው ቀበቶ ከሆዷ በታች ዳሌዋ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መካከል አልፎ።

«ቀኑ ከደረሰ ቀበቶ አያስጥልም» የሚለውን አባባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የሚናገሩት ሰዎች የማከብራቸው ናቸው፤ እኔም ሳልጸልይ መንገድ አልወጣም። ግን ገበሬ ዝናብ እንዲዘንብ ከጸለየ በኋላ ቤቱ አይተኛም፣ ያርሳል። መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ የሰቀለ ሰው ቀበቶ ቢያስር እምነቱ ጎደለ አይባልም፤ የተሰጠውን ነፍስ ጠበቀ እንጂ።

ሁለተኛው የይሉኝታ ቦታ ድካም ነው። ከኛ ወላጆች ስንቱ የሌሊት ሠራተኛ ነው! በአረጋውያን መጦሪያ፣ በፓርኪንግ፣ በመጋዘን፣ በታክሲ። እናቴም የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች። አንድ ጊዜ እየሳቀች «ቀይ መብራት ላይ ዐይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፤ ከኋላ ክላክስ ሲያደርጉብኝ እነቃለሁ» አለችኝ። እሷ ቀልድ መስሏት ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚያስረዳው፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይመሳሰላል፤ 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ 0.10 ይደርሳል። እዚህ አገር በአብዛኛው ስቴት አሽከርካሪ የሚከሰስበት መጠን 0.08 ነው። ሰክሮ መሪ የሚይዝ አጎት ቢኖረን ቁልፉን እንቀማው ነበር። እንቅልፍ የሚያዳፋውን ግን «አይ ጎበዝ፣ ጠንካራ ሠራተኛ» ብለን እናመሰግነዋለን።

እናቴና እኔ ተነጋግረን አንድ ስምምነት ላይ ደርሰናል። ከሥራ ስትወጣ እንቅልፍ ከተጫጫናት መኪናውን ሳታስነሳ በሯን ቆልፋ 20 ደቂቃ ትተኛለች፤ ካልሆነላት ትደውልልኛለች። ሬዲዮ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት እንቅልፍን አያባርርም። እንቅልፍን የሚያባርረው እንቅልፍ ብቻ ነው።

ሦስተኛው የመኪናው ጤና ነው። አብዛኞቻችን የምንነዳው ከዘመድ የወረስነውን ወይም በእጅ የገዛነውን ያረጀ ቶዮታ ወይም ሆንዳ ነው። ጥሩ መኪኖች ናቸው፤ ግን «ይሄ መኪና አይሞትም» እያልን ምንም ሳናይለት ዓመት እንነዳዋለን። ጓደኛችን ጎማው ሙልጭ ብሎ ሲሄድ ብናይም አንነግረውም፤ ኪሱን የነካንበት ይመስለናል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት ለፍሬንና ለጎማ የተባለ ነው የሚመስለኝ።

መመልከት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ጎማው ስንት ንፋስ እንደሚያስፈልገው የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው፤ እሱን አይታችሁ አትሙሉ። ንፋሱ ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ሳትነዱ ይለካል፤ ብርድ ሲገባ ደግሞ ይቀንሳል። የጎማውን ጥርስ ለመለካት አንድ ሳንቲም ይበቃል፦ የሊንከንን ራስ ወደ ታች አድርጋችሁ ጥርሱ መካከል ክተቱት፤ ሙሉ ራሱ ከታየ ጎማው አልቋል። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ዕድሜውን ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ይህን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ። ሲረግጡት የሚያፏጭ ፍሬን ሸራው እያለቀ መሆኑን እየነገራችሁ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ አሳዩት። ዳሽቦርድ ላይ የበራ ቀይ መብራት ላይ ፕላስተር መለጠፍ መፍትሔ አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ይሄኛው በተለይ የቆየ መኪና ያላቸውን ይመለከታል። ታካታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች እርጅና፣ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቅባቸው በግጭት ጊዜ ፈንድተው የብረት ስብርባሪ ስለሚረጩ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ60 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት እንዲቀየሩ ታዝዟል። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። መቀየሪያው በአከፋፋዩ ዘንድ በነፃ ነው። መኪና በእጅ ሲገዛ ግን የጥሪው ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት ሊሄድ ይችላል። በሾፌሩ በኩል ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ ወስዳችሁ በመንገድ ደህንነቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ብታስገቡ ወዲያው መልስ ታገኛላችሁ። የእናታችሁንና የአባታችሁንም አስገቡላቸው። እንግሊዝኛ ደብዳቤ ስናነብላቸው ላደግን ልጆች ይሄ አዲስ ሥራ አይደለም።

«እሺ፣ ግን ታላቅን እንዴት ብዬ ነው የማዝዘው?» ትሉ ይሆናል። ትክክል ነው፤ ታላቅን ማዘዝ ነውር ነው፣ እኔም አላዝዝም። አማርኛችን ግን አክብሮ መናገሪያ መንገድ ሞልቶታል። «እማማ፣ ቀበቶውን እኔ ልሰርልዎት?» ማለት ማገልገል ነው፤ ኮት ከማልበስ አይለይም። እስካሁን እምቢ ያለችኝ እናት የለችም፤ እንዲያውም «ተባረኪ» ይሉኛል። «ጋሼ፣ ሌሊቱን ሠርተው ነው የመጡት፤ ዛሬ እርስዎ ይረፉ፣ እኔ ልንዳ» ማለትም ክብር ነው። መኪናው ከሞላ ደግሞ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ በሌላ እመጣለሁ» ብሎ መውረድ ይቻላል። አዲስ አበባ ሄጄ ሚኒባስ ታክሲ ስሳፈር ወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን» ሲል ሰዉ እየሳቀ ይጠጋጋል። ያ መተሳሰብ ደስ ይላል። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር በሚነዳበት አውራ ጎዳና ላይ ግን መተሳሰብ ማለት ቀበቶ ለሌለው ሰው ሌላ መኪና መፈለግ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በየዓመቱ በጁላይ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ውድድር ተሰብስበን ረጅም መንገድ እንነዳለን፤ ብዙ ጊዜም ከሥራ መልስ፣ ሌሊት። ከሚቀጥለው ጉዞ ጀምሮ አራት ነገር እንስማማ። ቀበቶ ከሌለው ወንበር በላይ ሰው አይጫን። ሁሉም ሳያስር መኪና አይነሳ። በየመኪናው ቢያንስ ሁለት ተተካኪ ሾፌር ይኑር፣ ሌሊት ሠርቶ ያደረም መሪ አይያዝ። ከጉዞው ሁለት ቀን አስቀድሞ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራትና ዘይት ይታይ።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ፣ ከባለመኪናው ጋር የምንካፈለው ቤንዚን ብቻ ነው፤ ጎማው ግን ለሁላችንም ነው የሚያልቀው። እቁብ የሚያውቅ ሕዝብ ልጆች ነን። በወር ጥቂት ዶላር እያዋጣን፣ ጎማው ላለቀበት ተማሪ ቅድሚያ የሚሰጥ የጎማ እቁብ ብንጀምር ማንም ጓደኛችን «ጎማህ አልቋል» ስንለው አይሸማቀቅም፤ ዕጣውን እንሰጠዋለንና። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ለድምፅ አቀርበዋለሁ፤ የምትቃወሙም የምትደግፉም ኑ።

እስከዚያው ዛሬ ማታ የምትሳፈሩበትን መኪና ኋላ ወንበር ዞር ብላችሁ እዩ። ያላሰረ ሰው ካለ «ልሰርልዎት?» በሉ። በሰላም ግቡ።